ሙያ እና አስማት፦ ተራ ልጃገረዶች በወጣቶች ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪዋ የታረመ። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ንግግሬን ከቤቴ ልጀምር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማታ ማታ ለአያቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ተረት ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን የምንቀበል የልጅ ልጆቻቸው ብዙ ነበርን። የዚያን ጊዜ ግን ተራው የእኔ ነበር፤ ተራኪዋ እኔ፣ ተቀባይዋ እሳቸው።

መጽሐፉ ፍራንክ ባውም የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1900 ያሳተመው የኦዝ ታሪክ ነው። ዶሮቲ የተባለች የካንሳስ የገበሬ ቤት ልጅ ከነቤቷ በአውሎ ነፋስ ተነሥታ ወደማታውቀው ሀገር ትወሰዳለች። እዚያም ክፉዋ ጠንቋይ ማርካ ታስገባትና ድስትና ማንቆርቆሪያ ታሳጥባታለች፤ ወለል ታስጠርጋታለች፤ እሳት ታስነድዳታለች። አንድ ቀን ጠንቋይዋ የልጅቱን አንድ የብር ጫማ በተንኮል ስትወስድባት ዶሮቲ በንዴት አጠገቧ የነበረውን ባልዲ አንሥታ ውኃውን ትደፋባታለች። ጠንቋይዋ እንደ ስኳር ሟሙታ ታልቃለች። ዶሮቲ ከዚህ በኋላ ምን አደረገች? ሌላ ባልዲ ውኃ ቀድታ በተረፈው ዝቃጭ ላይ ደፋችበት፤ ጠርጋም ከበር አወጣችው። ጫማዋንም አጽድታ፣ አድርቃ፣ እግሯ ላይ አደረገችው።

እኔ ለመሮጥ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ለመግባት ቸኩዬ ነበር። አያቴ ግን አስቆሙኝ። «እሰይ! ይቺ ልጅ ባለሙያ ናት» አሉ። «ገድላ ጥላው አልሄደችም፤ ጠረገችው።»

በዚያ ምሽት ሳቅሁ። ዛሬ፣ ይህን የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ለብዙ ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ፣ ስለ ዶሮቲ ካነበብኳቸው ሐተታዎች ሁሉ የአያቴን ያህል ወደ ነገሩ እምብርት የገባ አላገኘሁም። የዛሬው ንግግሬም የእሳቸው ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ብትሉ አልቃወምም።

«ሙያ» የሚለውን ቃል እናስተውል። አንዲትን ሴት ባለሙያ ስንላት ወጧ የሚጥም፣ ፈትሏ የሚያምር፣ እጇ የተባረከ ማለታችን ነው። ቀደም ባለው አነጋገር ግን በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመም ሰው «ሙያ ሠራ» ይባል ነበር። አንዱ ቃል ማጀቱንና አውደ ውጊያውን ያጣምራል። ተራ ልጃገረዶች ከአስማት ጋር የሚገናኙባቸው ልቦለዶች የሚሠሩት፣ በእኔ አስተያየት፣ እነዚህ ሁለት የቃሉ ትርጉሞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ፦ ልጅቱ ወደ አስማቱ ዓለም ምን ይዛ ገባች? ከአስማቱ ዓለምስ ምን ይዛ ወጣች? የመጀመሪያው ጥያቄ ደራሲው ተራ ልጅን ምን ያህል እንደሚያከብር ያሳየናል። ሁለተኛው ደግሞ ያ አክብሮት እስከምን ድረስ እንደሚዘልቅ ይፈትናል።

በመጀመሪያው ጥያቄ እንጀምር። የዘርፉ እናት ተብላ የምትታወቀው አሊስ ናት። የኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ዶጅሰን፣ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል፣ በሐምሌ 1862 በጀልባ ሽርሽር ላይ ለሦስት እኅትማማቾች የነገራቸው ታሪክ በ1865 መጽሐፍ ሆነ። አሊስ ወደ ጥንቸሏ ጉድጓድ ይዛ የገባችው የትምህርት ቤት ትምህርቷን ነው። የቃል ጥናቷን ልታሰማ ትሞክራለች፤ ግጥሙ አፏ ላይ ይለዋወጣል። ማባዛቷ ይዛባል፤ ጂኦግራፊዋ ይገለባበጣል። ካሮል በዘመኑ የሽምደዳ ትምህርት ላይ እየቀለደ ነው። አሊስን እስከ መጨረሻው የሚያደርሳት የሸመደደችው ሳይሆን ለምን ብሎ መጠየቅ የማይሰለቸው ጠባይዋ ነው።

ዶሮቲ ከ35 ዓመት በኋላ ስትመጣ ይዛ የምትገባው የገበሬ ቤት ልጅነቷን ነው። ባልዲውን ያነሣችው ውኃ ጠንቋይን እንደሚያጠፋ አውቃ አይደለም። ባልዲው አጠገቧ የነበረው ሥራ ላይ ስለነበረች ነው። ጠንቋይዋ ልጅቱን ለማዋረድ የሰጠቻት ሥራ ራሷን የሚያጠፋትን መሣሪያ አቀረበባት።

ዳያና ዊን ጆንስ በ1986 ባሳተመችው የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ይረቅቃል። ሶፊ የሦስት እኅትማማቾች ታላቅ ናት። እርሷ በምትኖርበት ሀገር ደግሞ የተረት ሕግ የኑሮ ሕግ ነውና፣ ዕድሏን ፍለጋ ብትወጣ ታላቂቱ ቀድማ እንደምትወድቅ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሶፊ አርፋ በቤተሰቧ ሱቅ ኋላ ተቀምጣ፣ ደመወዝ ሳይከፈላት፣ የሴቶች ባርኔጣ ትሠራለች። ብቸኝነቷ ሲበረታ ባርኔጣዎቹን ታናግራቸዋለች። አንዱን ባርኔጣ «ባለ ትልቅ ማዕረግ ሰው አይቶ ይወድድሻል» ብላ ትመርቀዋለች። ብዙም ሳይቆይ ያን ባርኔጣ የገዛችው ልጅ ከአንድ መስፍን ጋር መኮብለሏ ይሰማል። አንባቢው ቀስ በቀስ የሚረዳውን ሶፊ ራሷ የምትረዳው ዘግይታ ነው፦ ቃሏ ለነገሮች ሕይወት ይሰጣል። አስማቱ ሩቅ ግንብ ውስጥ አልነበረም፤ እርሷ ዋጋ ሳትሰጠው፣ ሌሎችም ዋጋ ሳይከፍሉበት በኖሩት የእጅ ሥራዋ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪዬ በክፍል ውስጥ ያነሣችውን ተቃውሞ ላስታውስ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ እያሰባችሁት እንደሆነ እገምታለሁ። «መምህር» አለችኝ፤ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ማጀት ውስጥ ባለሙያ ስትባል ኖረች። ምርቃቱ ከማጀት አላወጣትም። እነዚህ መጻሕፍትስ ለልጃገረዶች ምን እያሉ ነው? ባልዲሽን ያዢ፣ ባርኔጣሽን ስፊ፣ ተአምሩ ከዚያው ይመጣል ነው የሚሉት?»

ተማሪዬ ልክ ናት፤ አደጋው አለ። ሙያን ማመስገን ባለሙያዋን ባለችበት ለማስቀመጥ የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ የምጠይቀው ስለዚህ ነው፦ ምን ይዛ ወጣች?

በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ ታላላቆቹ መጻሕፍት ሁሉ አያልፉም። አሊስ ከሕልሟ ትነቃለች፤ ታላቅ እኅቷም እየመሸ ነውና ለሻይሽ ግቢ ትላታለች። እኅትዬዋ በበኩሏ ተቀምጣ፣ አሊስ አድጋ ለሌሎች ልጆች ተረት ስትነግር በሐሳቧ ታያለች። ከዚያ ሁሉ ጉዞ የተረፈው ተረት ነው። የዶሮቲ የብር ጫማዎች ወደ ካንሳስ ስትመለስ በአየር ላይ ወልቀው በረሃ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ዶሮቲ በካልሲዋ ሣር ላይ ቆማ ትገኛለች። ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን የሲ. ኤስ. ልዊስ የናርኒያ ተከታታይ ነው። በ1950 በታተመው መጽሐፍ ሉሲና ሱዛን በቁም ሣጥን በኩል ወደ ናርኒያ ገብተው ይነግሣሉ። ሱዛን ቀስተኛ ናት፤ ንግሥት ናት። በ1956 በታተመው የመጨረሻው መጽሐፍ ግን ሱዛን የናርኒያ ወዳጅ መሆኗ እንደቀረ፣ አሁን የምታስበው ስለ ናይለን ስቶኪንግ፣ ስለ ሊፕስቲክና ስለ ግብዣ ብቻ እንደሆነ ሌሎች ሲናገሩባት እንሰማለን። እርሷ ራሷ በቦታው የለችም፤ መልስ የምትሰጥበት ዕድል አልተሰጣትም። ደራሲው የሱዛን ታሪክ ገና እንዳላለቀ ያምን ነበር የሚሉ ይኖራሉ። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ያለው እውነት ግን አንድ ነው፦ ልጃገረዲቱ ሴት ስትሆን በሩ ተዘጋባት።

ለዚህ በር ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠ የመሰለኝ እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቸት ነው። በ2003 ያሳተመው ትንንሾቹ ነፃ ሰዎች የተሰኘ መጽሐፍ ባለታሪክ ቲፋኒ ኤኪንግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤተሰቧ የበግ አርቢዎች ሲሆኑ የእርሷ ሥራ ቅቤና አይብ ማውጣት ነው። ታናሽ ወንድሟን የተረት ሀገር ንግሥት ስትወስድባት ልታስመልሰው የምትወጣው የብረት መጥበሻ ይዛ ነው። ከወንዝ ብቅ ያለ ጭራቅ ስታይም መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ተረት መጽሐፏ ነው። መጽሐፉ የጭራቋ ዓይን የሾርባ ሳህን ያህላል ይላል። ቲፋኒ ታዲያ የሾርባ ሳህን አውጥታ ትለካለች፤ ስምንት ኢንች ሆኖ ታገኘዋለች። ይህ የሚያስቅ ነው። ነገር ግን ደራሲው ያሳቀን ለሌላ ልኬት ሊያዘጋጀን ነው።

በቲፋኒ መንደር አንዲት ብቸኛ አሮጊት ነበሩ። ጥርስ የላቸውም፤ ለብቻቸው ያወራሉ፤ ድመትና መጻሕፍት አሏቸው። የባሮኑ ልጅ በጠፋ ጊዜ የመንደሩ ሰው አሮጊቷን ጠንቋይ ብሎ ቤታቸውን አፈረሰባቸው፤ ድመታቸውን ገደለባቸው። የሚያስጠጋቸው ጠፍቶ አሮጊቷ በክረምቱ በረዶ ሞቱ። በተረት ጠንቋይ ሕፃናትን የምትጠብስበት ትልቅ ምድጃ አላት። ቲፋኒ ግን የአሮጊቷን ምድጃ አይታዋለች፤ አንድ ልጅ የሚያስገባ አልነበረም። መላው መንደር ተረቱን አምኖ ሰው ሲገድል አንዲት ሕፃን ምድጃውን አየች። ቲፋኒ ጠንቋይ ልሁን ያለችው ኃይል ፈልጋ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ ነው።

ቲፋኒ ምን ይዛ ወጣች? ከውጭ ሲታይ ምንም። ወንድሟንና ጠፍቶ የነበረውን የባሮኑን ልጅ ይዛ ስትመለስ ምስጋናው የተሰጠው ለባሮኑ ልጅ ነው፤ ወንዱ ጀግና፣ እርሷ የተረፈች ልጅ ሆኑ። ቲፋኒም ወደ አይቧ ተመለሰች። ነገር ግን ያን ጊዜ ኃላፊነትን ወስዳለች። በተከታዮቹ መጻሕፍት እንደምናየው ጠንቋይነቷ የታመመ መጠየቅ፣ ምጥ የያዛትን መርዳት፣ ጣር ላይ ካለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው። ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ እዚህ አለ። ሥራው ያው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮቲ የምትጠርገው ታዝዛ ነው፣ ቲፋኒ የምትሠራው ወስና ነው። ሙያ ሰንሰለት የሚሆነው ሌላው ሲለካው ነው። ባለሙያዋ ራሷ መለኪያውን የያዘች ዕለት ግን ሥልጣን ይሆናል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው መጻሕፍት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ናቸው። ወደ አህጉራችን ልምጣ። የናይጄሪያ ወላጆች ልጅ የሆነችው አሜሪካዊት ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 አካታ ዊች የተባለ ልቦለድ አሳተመች። ባለታሪኳ ሰኒ ንዋዙዌ ኒው ዮርክ ተወልዳ በናይጄሪያዋ የአባ ከተማ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ናት። ከአልቢኒዝም ጋር ስለተወለደች ፀሐይ ይጎዳታል፤ የምትወደውን እግር ኳስ በቀን መጫወት አትችልም። የመጽሐፉ ርዕስ ሁለት ስድቦችን የያዘ ነው። «አካታ» በናይጄሪያውያን ዘንድ ጥቁር አሜሪካውያንን ለማንቋሸሽ የሚውል ቃል ነው። «ዊች» ደግሞ ጠንቋይ ማለት ነው። ሁለቱንም አጣምራ የምትሰድባት የክፍል ጓደኛዋ ናት።

ይህ ስድብ በዚያ ምድር ቀላል ነገር አይደለም። ከአባ ብዙም በማይርቀው በአክዋ ኢቦም ግዛት ሕፃናት ጠንቋይ ተብለው የሚሰቃዩበትና ከቤት የሚባረሩበት ሁኔታ ስለነበረ፣ የግዛቱ መንግሥት በ2008 ባወጣው የሕፃናት መብት ሕግ ሕፃንን ጠንቋይ ብሎ መፈረጅን ወንጀል አድርጎታል። ኦኮራፎር እንግዲህ ልጅን ሊያስገድል የሚችለውን ቃል ወስዳ ለልጅቱ መጠሪያ አደረገችው።

ሰኒ የምትገባበት የነብር ሰዎች ማኅበረሰብ ሁለት ሕጎች አሉት፤ ሁለቱም ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚገርሙ ናቸው። አንደኛ፣ በውጭው ዓለም ጉድለት የሚባለው እዚያ የችሎታ ምንጭ ነው። ሰኒ ከሰው ዓይን መሰወር ትችላለች፤ ማንበብ የሚቸግረው ጓደኛዋ ኦርሉ ደግሞ የተደገመ ድግምትን ይፈታል። ሁለተኛ፣ ቺቲም የሚባለው ገንዘባቸው በንግድ ወይም በውርስ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው አዲስ ነገር በተማረ ቁጥር ከላይ እግሩ ሥር ይወድቅለታል። ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ባነበብኩ ቁጥር ወደ ጣሪያው ቀና የሚል አይጠፋም።

ሰኒስ ምን ይዛ ወጣች? ዕውቀት ይዛ ወጣች፤ ነገር ግን ለወላጆቿ መናገር አይፈቀድላትም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው የእኛ አባባል እዚህ ላይ ሁለት ፊት ያወጣል። ባንድ ፊቱ ጥበብ ነው፤ ባለሙያ አትለፈልፍም። በሌላ ፊቱ ግን ሸክም ነው፤ ልጅቱ የደረሰችበትን ያህል በራሷ ቤት መታየት አትችልም። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ፣ ከገጠር መጥታችሁ የተማራችሁትን ለእናታችሁ ለማስረዳት ቃል ያጠራችሁ ተማሪዎች ይህን ስሜት ከእኔ ማብራሪያ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ከመካከላችሁ እነዚህን መጻሕፍት የምትተረጉሙ፣ ከዚያም በላይ የራሳችሁን የምትጽፉ እንደምትኖሩ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው እንቅፋት ቃል ነው። የዘጠኝ ዓመቷን ቲፋኒ «ጠንቋይ መሆን እፈልጋለሁ» ብናሰኛት ብዙ ወላጅ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። መዝጋቱ ደግሞ ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ ቃሉ ለእኛ የእምነትም፣ የኑሮም ቁስል አለው።

«አስማት» የሚለውን ቃል ግን እንመልከት። በግእዝ «ስም» የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። ኃይሉ ያለው ኅቡእ ስሞችን በማወቅ ላይ ነው ከሚል እምነት የመጣ ነው። በብራና ጥቅልሎቻችን፣ በክታቦቹ ላይ፣ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ያ ስም ወለተ እገሌ የሚል የሴት ስም ነው፤ ልጅ እንዳይጨነግፍባት ወይም ከደዌ እንድትጠበቅ ያስጻፈችው። የጥቅልሉ ርዝመት በቁመቷ ልክ የሚሠራበትም ጊዜ ነበር። ተራ ሴት ከአስማት ጋር የተገናኘችበት ጽሑፍ እንግዲህ በእኛ ሀገር አዲስ አይደለም። ስሟ በብራናው ላይ አለ፤ ቁመቷም አለ። ብዕሩ ግን በደብተራው እጅ ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት የልቦለድ ዘርፍ ከእኛ የሚጠብቀው አንድ እርምጃ ይህ ይመስለኛል፦ ስሟ ለተጻፈላት ልጅ ብዕሩን ማቀበል።

ለጠንቋይ ምትክ ቃልም ቋንቋችን አያጣም። ሰዎች በአክብሮትም በፍርሃትም ወደ «አዋቂ» ቤት ይሄዳሉ። ያው ቃል ዕውቀት ያለውን ሰው ይጠራል። ያው ቃል ደግሞ ልጅነቱን የጨረሰውን፣ ለአካለ መጠን የደረሰውን ይጠራል። ባለ ምትሃቱ፣ ባለ ዕውቀቱና ያደገው ሰው በአንድ ቃል ተቀምጠዋል። ቲፋኒ በአማርኛ «አዋቂ መሆን እፈልጋለሁ» ስትል የመጽሐፉ ትርጉም ሁሉ በሦስት ቃል ይጠቃለላል። እውነት ነው፣ አዋቂ ቤት ሄዶ የተታለለ ብዙ ነው፤ ቃሉ ንጹሕ አይደለም። ነገር ግን ንጹሕ ቃል ብቻ የሚፈልግ ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ባዶ ያደርገዋል።

ለጀማሪ ደራሲዎች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለታሪካችሁን ውኃ ስትቀዳ፣ ጀበና ስትጥድ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ስትሄድ ልትስሏት ትችላላችሁ፤ ያ ሥራዋ ኃይሏ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ስትጨርሱ ግን ተመልሳችሁ ጠይቁ፦ ወደ ቤት ስትመለስ በእጇ ምን አለ? እንስራው ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ገና አላለቀም።

አያቴ የኦዝን ታሪክ መጨረሻ ሰምተዋል። የብር ጫማዎቹ በረሃ ውስጥ መጥፋታቸውን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ጫማውን ለምን አስጣሏት? ሠርታ ያገኘችው ነው» አሉኝ። የአንድ ማታ አድማጭ በሁለት አስተያየት የዘርፉን ክብርም ጉድለትም ለይተው ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ባውምን ወክዬ ልመልስላቸው አልችልም። መልሱ ከእናንተ መካከል በአንዳችሁ ብዕር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቤቷ በምትገባ ልጅ ታሪክ እንዲጻፍ ግን እመኛለሁ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።